መጀመሪያ መስኮቱን፦ አንድ አገር የመንግሥት ሙስናን ከየት ጀምሮ ይታገል?

አዲስ መንግሥት ሲመጣ የሚሆነው የታወቀ ነው። አንድ ማለዳ ጥቂት የቀድሞ ባለሥልጣናት በካቴና ይታያሉ። ካሜራ አለ፣ መግለጫ አለ፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ከዓመት በኋላ ግን ያው ቢሮ፣ ያው መስኮት፣ ያው ክፍያ። የተቀየረው ተቀባዩ ብቻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚያሰኘው ወንበሩ ራሱ ለመብላት የተመቸ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከእስር አይጀምርም። እስሩ ይመጣል፣ ተራውን ግን ይጠብቃል። መጀመሪያ ጉቦ የሚፈስበትን መስኮት ፈልጎ መለወጥ፣ ጎን ለጎን የሚመረምር አካል ማቆም፣ ከዚያ ማሰር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሥራው ሁሉ የፖለቲካ ቂም መወጫ ይመስላል። ብዙ ጊዜም መምሰል ብቻ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ መስኮቶቹን ቁጠሩ

«ሙስና በዝቷል» ብሎ መጀመር የትም አያደርስም። የት ነው ያለው? በየትኛው ፈቃድ፣ በማን ፊርማ፣ በስንት? በዘርፉ የታወቀ አጭር ቀመር አለ። አንድ ሰው ብቻውን የሚሰጠው ነገር ሲኖር፣ ለማን እንደሚሰጥ እንዳሻው መወሰን ሲችል፣ የሚጠይቀው ደግሞ ሲጠፋ ሙስና ይወለዳል። በየመሥሪያ ቤቱ እነዚህ ሦስቱ የተገናኙበትን ቦታ ፈልጉ።

የግንባታ ፈቃድን እንውሰድ። ባለጉዳዩ ማመልከቻ ያስገባል። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ለባለሙያ ይመራል። ባለሙያው «መስክ ወጥቷል»። በሳምንቱ ፋይሉ ይጠፋል። በሌላ ሳምንት ተገኝቶ «አንድ ሰነድ ይጎድለዋል» ይባላል። የትኛው? የሚጎድለው ሰነድ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ወይም ጭራሽ የተለጠፈ ዝርዝር የለም። ከበሩ ውጭ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀረብ ብሎ «እኔ ልጨርስልህ?» ይላል። ፋይሉ የቆመበት እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ መስኮት ነው። ቁጠሯቸው።

ይህን ካርታ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሠራው ባዶ ወረቀት ነው የሚወጣው። ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ያ ከበሩ ውጭ የቆመው ደላላ ነው። የትኛው ፊርማ ስንት እንደሚያወጣ፣ ማን ለማን እንደሚያካፍል ልቅም አድርጎ ያውቃል። አነስተኛ ተቋራጮችን፣ ጉምሩክ አስተላላፊዎችን፣ ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን ስማቸውን ሳትመዘግቡ ጠይቁ።

ያገኛችሁትንም ለዩት። መስኮት ላይ የሚከፈል ትንሽ ጉቦ፣ በትልልቅ ውሎች ላይ የሚወሰድ ፐርሰንት፣ በዘመድ የሚሰጥ ሥራ አንድ ዓይነት በሽታ አይደሉም። ለአንዱ የሚሠራው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

ደረጃ 2፦ የማያስፈልገውን ዝጉ፣ የቀረውን አጥብቡ

ለእያንዳንዱ ፈቃድ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ይህ ባይኖር ማን ይጎዳል? መልሱ «ማንም» ከሆነ ይሰረዝ። የሌለ ፈቃድ ጉቦ አይጠየቅበትም። ይህ ከሁሉም ርካሹ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ብዙ አገሮች ይዘሉታል፣ ምክንያቱም መሰረዝ እንደ ማቋቋም ሪባን አይቆረጥበትም።

ለሚቀረው ፈቃድ ደግሞ የሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝር፣ ክፍያውና የመጨረሻው ቀን በሕግ ይወሰኑ፣ በግልጽም ይለጠፉ። ማመልከቻ የሚቀበለውና የሚወስነው ሰው አይገናኙ። ፋይሉ ለየትኛው ባለሙያ እንደሚደርስ ዕጣ ይወስን። ለደኅንነት በማያሰጉ ጉዳዮች ላይ ቀኑ ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ያኔ «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ዋጋ ያጣል።

ኮምፒውተር ማስገባት ይጠቅማል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 12 ፊርማ የሚጠይቅ አሠራርን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ብትጭኑት 12 ፊርማ የሚጠይቅ ኮምፒውተር ታገኛላችሁ። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስም ሌላ ጉቦ መጠየቂያ ይሆናል። መጀመሪያ አሠራሩን ቆርጣችሁ አሳጥሩ።

መስኮቱ ከመጠን በላይ ከበሰበሰስ? ጆርጂያ በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያደረገችውን ማየት ነው። የትራፊክ ፖሊሷ መኪና አስቁሞ ጉቦ በመቀበል የታወቀ ነበር። መንግሥት ለመጠገን አልሞከረም፤ ተቋሙን እንዳለ አፈረሰው። ከ10,000 በላይ ፖሊሶች ተሰናበቱ። በምትካቸው በፈተና የተመረጡ፣ የተሻለ ደሞዝ የሚከፈላቸው አዳዲስ ፖሊሶች ገቡ። መንገድ ላይ የሚጠየቀው ጉቦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ ማለት ይቻላል። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያንን ለውጥ የመሩት ፕሬዚዳንት ሚኬይል ሳካሽቪሊ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ሥልጣንን አላግባብ በመጠቀም ተፈርዶባቸዋል። ፍርዱ የፖለቲካ በቀል ነው የሚሉ አሉ፣ በእሳቸው የሥልጣን ዘመን ፍርድ ቤቱ ነጻ አልነበረም የሚሉም አሉ። ታች ያለውን መስኮት ማጽዳት ላይኛውን ፎቅ አያጸዳም።

ደረጃ 3፦ ደሞዝ

በወር ደሞዙ ቤተሰቡን ማኖር የማይችል ሠራተኛን «አትቀበል» ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ ደሞዝ ይስተካከል። ግን ብቻውን ተአምር አይሠራም። ጋና በ2010 የፖሊሶቿን ደሞዝ በእጥፍ ገደማ ጨመረች። በአውራ ጎዳናዎች ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ተከትለው ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት የሚያስደነግጥ ነበር፤ ፖሊሶቹ የሚጠይቁት ገንዘብ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጭማሪው ከቁጥጥርና ከእውነተኛ የመባረር ስጋት ጋር ካልመጣ «ደረጃዬ አድጓል» ማለት ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ጨረታው ላይ ቁጭ በሉ

ትልቁ ገንዘብ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

የጨረታ ሌብነት ፖስታ ከመከፈቱ በፊት ያልቃል። ዋናው ዘዴ መስፈርቱ ላይ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ መኪና ይገዛል እንበል። መስፈርቱ «የሻንጣው ስፋት ይህን ያህል ሊትር፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ይህን ያህል ሚሊሜትር» ብሎ ይወርዳል። ቁጥሮቹ አንድ ሞዴል ላይ ብቻ ልክክ ይላሉ። ያንን ሞዴል የሚያስመጣው ደግሞ አንድ ድርጅት ነው። ወረቀቱ ግልጽ ጨረታ ይላል፣ አሸናፊው ግን መስፈርቱን ከጻፈው ሰው ጋር ቡና ጠጥቶ ጨርሷል።

ሌሎቹም ይታወቃሉ። ግዥውን መቆራረስ አንዱ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ጨረታ ከሚያስገድደው መጠን ትንሽ ዝቅ እንዲል። ማስታወቂያውን በበዓል ዋዜማ አውጥቶ በአምስተኛው ቀን መዝጋት ሌላ ነው። «አስቸኳይ» ብሎ ከአንድ አቅራቢ መግዛትም አለ፤ በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስቸኳይ የማይሆን ነገር የለም። ሦስት ተወዳዳሪ ይቀርባል፣ የሦስቱም ሰነድ ላይ ግን አንድ ቃል በአንድ ዓይነት ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነዋ።

ከሁሉም የሚከፋው ከጨረታው በኋላ የሚመጣው ነው። ተቋራጩ ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ያሸንፋል። በስድስተኛው ወር የውል ለውጥ ይጠይቃል። «አፈሩ ያልተጠበቀ ሆነ»፣ «ዲዛይኑ ተሻሻለ»። ለውጡ፣ በሙያው አጠራር ቫሪዬሽን፣ ይጸድቃል፤ ከዚያ ሌላ ቫሪዬሽን። በመጨረሻ የተከፈለው በጨረታው ከወደቁት ሁሉ ዋጋ በላይ ይሆናል። ጨረታውን ብቻ የሚያይ ኦዲተር ምንም አያገኝም፤ ሰነዱ እንከን የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ሁሉም ነገር ይታይ። ዩክሬን ከ2016 ጀምሮ የመንግሥት ግዥዋን ፕሮዞሮ በሚባል ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አስገድዳ ታካሂዳለች። ከጨረታው በኋላ ማን ስንት እንዳቀረበ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ስሎቫኪያ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ቀላል ግን ጥርስ ያለው ሕግ አወጣች፤ የመንግሥት ውል በኢንተርኔት ካልወጣ አይጸናም። «እናወጣዋለን» ብሎ ቃል መግባትና «ካላወጣህ ውልህ ዋጋ የለውም» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እናንተ የምታወጡት ሕግ ግን የመጀመሪያውን ውል ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን የውል ለውጥና እያንዳንዱን ክፍያ ይጨምር።

ሁለተኛ፣ የወረቀት ኦዲት አይበቃም። በኢንዶኔዥያ ከ600 በላይ መንደሮች መንገድ ሲሠሩ አንድ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። መሐንዲሶች ያለቀውን መንገድ ቆፍረው ናሙና ወሰዱ፣ ውፍረቱን ለኩ፣ የገባውን ድንጋይና አሸዋ አስልተው ተከፈለ ከተባለው ጋር አስተያዩት። «መንገዳችሁ በእርግጠኝነት ኦዲት ይደረጋል» የተባሉት መንደሮች ላይ የሚጠፋው ገንዘብ በ8 ፐርሰንት ነጥብ ገደማ ቀነሰ። ነዋሪው በስብሰባ እንዲሳተፍ ማድረግ ብቻውን ግን በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ስብሰባ ከመጥራት በፊት መቆፈሪያ መግዛት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የትኛው ቦታ ኦዲት እንደሚደረግ ኃላፊው አይምረጥ። ብራዚል ከ2003 ጀምሮ ኦዲት የሚደረጉትን ከተማ አስተዳደሮች በሎተሪ ዕጣ ስታወጣ ቆይታለች። ዕጣ ዘመድ የለውም።

ደረጃ 5፦ ወደ ታች የሚወርደውን ገንዘብ አስታውቁ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኡጋንዳ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚላከው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ሲጠና፣ በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው 13 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ለየአካባቢው ስንት እንደተላከ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በር ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። ከዓመታት በኋላ ሲለካ የሚደርሰው ከ80 ፐርሰንት አለፈ። በመሃል ሌሎች ለውጦችም ስለነበሩ ሁሉንም ለጋዜጣው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ርዕሰ መምህሩ ስንት እንደተላከለት ካላወቀ ስንት እንደተሰረቀበት ማወቅ አይችልም።

ደረጃ 6፦ መርማሪውን አቁሙ፣ ከዚያ ጠብቁት

አሁን ወደ እስሩ እየተጠጋን ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፖሊሱም፣ እሳት አደጋውም፣ ሆስፒታሉም ጉቦ ይጠይቅ ነበር። በ1973 ፒተር ጎድበር የሚባል ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ሀብቱን አስረዳ ሲባል ወደ እንግሊዝ ኮበለለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በ1974 ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ በቀጥታ ብሪታንያ ለሾመችው የቅኝ ግዛቱ ገዢ ተጠሪ የሆነ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበርም ተይዞ ተመለሰ፣ አራት ዓመት ተፈረደበት።

የኮሚሽኑ አወቃቀር ዛሬም ይጠናል። ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ይመረምራል። ሁለተኛው በየመሥሪያ ቤቱ እየገባ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ማለትም ደረጃ 1 እና 2ን ቋሚ ሥራው አድርጎ ይዞታል። ሦስተኛው ሕዝቡን ያስተምራል፣ ጥቆማም ይቀበላል። ብዙ አገር ስሙን ብቻ ገልብጦ መርማሪውን አቋቁሞ ሁለቱን ይረሳል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1977 ነው። ብዙ ፖሊሶች ተራ በተራ እንደሚታሰሩ ሲገባቸው አመጹ፣ የኮሚሽኑን ቢሮ ሰብረው ገቡ። ገዢው ከ1977 በፊት ለተፈጸሙ፣ ምርመራ ላልተጀመረባቸው አብዛኞቹ ጥፋቶች ምሕረት ሰጠ። ይህ ዛሬም ያከራክራል። ለእኔ ግን ትክክል ነበር። ሁሉም ሰው ያለፈ ዕዳ ካለበት ሁሉም ሰው ለውጡን ለማክሸፍ ምክንያት አለው። ምሕረቱ ግን ቀን የተቆረጠለት፣ ትልልቆቹን የማይጨምር፣ ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ደግሞ ያለ ርኅራኄ የሚቀጣ መሆን አለበት።

መርማሪው አካል ሲቋቋም ሕጉ ላይ የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ኃላፊው የሚሾምበትና የሚነሳበት መንገድ ለአንድ ሰው ፈቃድ አይተው። የሥራ ዘመኑ ከምርጫ ዘመን ጋር አይገጣጠም። ሚኒስትር ለመመርመር የሚኒስትር ፈቃድ አይፈለግ። በጀቱ በዓመት መሃል አይቆረጥ። መርማሪዎቹን ራሳቸውን የሚመረምር የውጭ ዓይንም ይኑር።

የመጀመሪያው ትልቅ ክስ ከገዢው ፓርቲ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ተቃዋሚ ማሰር ማንም ይችላል። ሲንጋፖር በ2024 የራሷን የቀድሞ የትራንስፖርት ሚኒስትር ከነጋዴዎች ስጦታ በመቀበልና ፍትሕን በማደናቀፍ ለ12 ወር አስራለች። ስጦታዎቹ የእግር ኳስና የመኪና ውድድር ትኬቶችን የመሳሰሉ ነበሩ። «ትኬት እኮ ነው» የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ይኸው።

ጥሩ የሚሠራ መርማሪ ጠላት እንደሚያፈራም ከወዲሁ አስቡ። ጓቲማላ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በ2007 የተጀመረ ኮሚሽን ከአገሩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሠርቶ በ2015 በሥልጣን ላይ የነበሩትን ፕሬዚዳንት እስከ መልቀቅ አደረሰ። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት እሳቸውም ሲመረመሩ የኮሚሽኑን ዕድሜ አላድስ አሉ፤ በ2019 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ ስመ ጥሩውን የፀረ ሙስና ኮሚሽኗን በሕግ ማሻሻያ ከላዩ ተቆጣጣሪ ቦርድ ጭና ሠራተኞቹን ወደ ሲቪል ሰርቪስ አስገባች። በ2021 ከ50 በላይ ሠራተኞች በአንድ ፈተና ሰበብ ተሰናበቱ። ሕንጻው አለ፣ ስሙም አለ። ስለዚህ ማቋቋሚያው ከተቻለ በሕገ መንግሥት ውስጥ ይግባ፤ በተራ አዋጅ የተቋቋመ በአንድ ከሰዓት ስብሰባ ይሻራል።

ደረጃ 7፦ ሀብት ምዝገባው መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ

በብዙ አገሮች ባለሥልጣን ሀብቱን ያስመዘግባል። ቅጹ ይሞላል፣ ይታሸጋል፣ ይቀመጣል። ማንም ካላየው የቅጽ ማተሚያ ወጪ ብቻ ነው። ምዝገባው ይፋ ይሁን። ቢያንስ የተወሰነው በየዓመቱ በዕጣ ተመርጦ ከመሬት፣ ከተሽከርካሪ፣ ከባንክና ከግብር መዝገብ ጋር ይመሳከር። የትዳር ጓደኛና ልጆችም ይካተቱ፤ ሕንጻው የሚገኘው ብዙ ጊዜ በባለሥልጣኑ ስም አይደለም።

ከዚሁ ጋር የኩባንያዎች እውነተኛ ባለቤት ይመዝገብ። ወረቀት ላይ ባለቤት የተባለው ሾፌር ወይም የአክስት ልጅ ከሆነ ጨረታውን ማን እንዳሸነፈ አታውቁም።

ደረጃ 8፦ የሚጠቁመውን ሰው አትርፉት

ስልክ ቁጥር ለጥፎ «ሙስናን ይጠቁሙ» ማለት ቀላል ነው። ጠቋሚው የሚያስበው ስለ ነገ ነው። ስሜ ይወጣ ይሆን? ወደ ሌላ ቢሮ ያዛውሩኝ ይሆን? ስለዚህ ጥቆማው ለቅርብ አለቃው ተመልሶ «አስተያየት ይስጥበት» አይባል። አዎ፣ ይህ በእውነት ይደረጋል። ከጥቆማው በኋላ ከሥራ የተነሳ ሰው ቢኖር መነሣቱ ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ ይሁን። አሜሪካ ከ1863 ጀምሮ ባላት ሕግ መንግሥትን ያጭበረበረን ተቋራጭ በፍርድ ቤት ያጋለጠ ግለሰብ ዛሬ ከሚመለሰው ገንዘብ ከ15 እስከ 30 ፐርሰንት ሊያገኝ ይችላል። በውሸት የሚጠቁም አይበዛም ወይ? ይኖራል፤ እያወቀ የዋሸ ይጠየቅ። ያልተረጋገጠ ጥቆማን ሁሉ እንደ ውሸት መቁጠር ግን ሁሉንም ዝም ያሰኛል።

ደረጃ 9፦ የምርጫ ገንዘብና የሸሸ ገንዘብ

የትልቁ ሙስና ሥር ብዙ ጊዜ የምርጫ ዘመቻ ነው። ነጋዴው ዛሬ ለፓርቲው ይሰጣል፣ ነገ በውል ይመለስለታል። የገንዘብ ሰጪዎች ስም ከምርጫው በፊት ይውጣ፤ መጠኑ ጣሪያ ይኑረው። ለፓርቲ የሰጠ ድርጅት ለተወሰነ ዓመት ከመንግሥት ጨረታ ይታገድ። ይህን ሕግ የሚያወጡት የሚጎዱበት ሰዎች ስለሆኑ ከሁሉም ዘግይቶ የሚመጣው እሱ ነው።

የሸሸው ገንዘብ ይመለሳል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት ሀብት ማስመለስን መሠረታዊ መርሕ አድርጎታል። ስዊዘርላንድ የናይጄሪያው ገዢ ሳኒ አባቻ ከዘረፉት ውስጥ 321 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ የተስማማችው በ2017 ነው፤ እሳቸው ከሞቱ 19 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ገንዘቡም በዓለም ባንክ ክትትል ለድሃ ቤተሰቦች በጥሬ ገንዘብ እንዲከፋፈል ተወሰነ። የተመለሰ ገንዘብ ወደ ጠቅላላ ካዝና ገብቶ እንዳይቀልጥ እንዲህ ያለ ክትትል የሚደረግበት ቦታ ይዘጋጅለት።

ደረጃ 10፦ መለካት

የዓለም አቀፉ የሙስና ግንዛቤ ሰንጠረዥ ላይ ስንተኛ እንደወጣን ማየት ሁሉም ይወዳል። እሱ ግን የሚለካው ባለሙያዎችና ነጋዴዎች የሚያስቡትን ነው፤ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፣ የትኛው መስኮት እንደተሻሻለም አይነግራችሁም። ከዚያ ይልቅ ደረጃ 1 ላይ የሠራችሁትን ካርታ አውጡ። ባለፉት 12 ወራት ያንን አገልግሎት ያገኙ ሰዎችን ጠይቁ። ከፈልክ? ስንት? ለማን? ስንት ቀን ፈጀብህ? ጥያቄውን በየዓመቱ አንድ ቃል ሳትቀይሩ ድገሙት፣ ውጤቱንም በየመሥሪያ ቤቱ ስም አውጡ።

በመጀመሪያው ዓመት የጥቆማ ቁጥር ቢያሻቅብ አትደንግጡ። ሰዉ ማመን ሲጀምር ነው የሚናገረው። መጨነቅ ያለባችሁ በሦስተኛው ዓመት ጥቆማው ቀንሶ፣ የከፈሉት ሰዎች ቁጥር ግን ባለበት ከቆመ ነው። ያኔ ካርታውን ይዛችሁ ተመልሳችሁ ያን ደላላ ፈልጉት። ዋጋው ስንት እንደደረሰ ይነግራችኋል።